ጡሩምባው የዋሸበት ቀን

በ2078 ዓ.ም. በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ዳቦ ቤቱ ሳይቀር ጦር ነበር።

የአሥራ አንዱ አገሮች የመከላከያ ኪዳን እያንዳንዱ አባል አገር «ከሕዝቡ ከመቶ አምስቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለጥሪ የሚደርስ» መሆኑን በየዓመቱ እንዲያሳይ ከወሰነ አሥራ ሦስት ዓመት አልፏል። አገሮቹም አዲስ ወታደር ከመመልመል ይልቅ ያለውን ሰው ወታደር ብሎ መቁጠር እንደሚቀል ለመረዳት ብዙ አልፈጀባቸውም። ስለዚህ ዳቦ ቤቱ የስንቅ ክፍል ነው፤ ዳቦው ሁሉ ሆዱ ላይ የኪዳኑን ማኅተም ይዞ ይወጣል። የብሎክ 33 መዘምራን ባዶ ቃሬዛ ተሸክመው ይለማመዳሉ። የታክሲ ረዳቶች «መገናኛ፣ መገናኛ» ከማለታቸው በፊት የመለያ ቁጥራቸውን ይጠራሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ስቆ ነበር። በኋላ ለመደው፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

እድሩም ተቆጥሯል። ለዚህ ተጠያቂው የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ የአብሥራ ነው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሌላው ሰው ቅጽ ሲሰጠው ፊቱ ይጨማደዳል፣ የእሱ ግን ይበራል። የኪዳኑ ቅጽ በመጣ ጊዜ ሦስት ቀን ተቀምጦ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ ሞላው። ንብረት፦ ድንኳን ሁለት፣ አግዳሚ ስድሳ፣ ብረት ድስት አሥራ አራት፣ ቃሬዛ ሦስት። አባላት፦ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ለጥሪ የሚደርሱት፦ ዘጠና ስምንት ነጥብ ስድስት ከመቶ። በምን ያህል ጊዜ፦ በአርባ ደቂቃ። በምን ትእዛዝ፦ በጡሩምባ።

አልዋሸም። በየካ አባዶ እድር ከቀብር የቀረ ሰው ለሚቀጥለው ቀብር ድስት አጣቢ ይሆናል፤ አሥራ አራት ብረት ድስት ማጠብ ደግሞ ማንንም ያስተምራል። ጋሽ የአብሥራ ግን የጻፈው ቁጥር የት እንደሚደርስ አላሰበም፤ የምስክር ወረቀት ይመጣል ብሎ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? የምስክር ወረቀቱስ መጣ፤ በመስታወት ተደርጎ እድሩ በሚሰበሰብበት ኮሙናል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ጡሩምባ ነፊዋ ሄራን ታምራት ናት። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሥራውን ከአባቷ ከተረከበች አርባ አንድ ዓመት ሆናት። ጡሩምባው አፍ ላይ ምስር የምታክል አድማጭ መሣሪያ ተለጥፋለች። ይቺም የጋሽ የአብሥራ ቅጽ ውጤት ናት፤ «የአባላት መዝገብ በምን ይታደሳል?» ለሚለው ጥያቄ «በጡሩምባ» ብሎ ስለጻፈ ነው። ሄራን የሟች ስም ስትጠራ አድማጯ ትሰማለች፤ ስሙ በዚያው ሰዓት ከመዝገብ ይፋቃል። ከዚያ በኋላ የዚያ ሰው መዳፍ የግቢውን በር አይከፍትም፣ ታክሲ አይጭነውም፣ ጤና ጣቢያም መድኃኒት አያወጣለትም። ሰው በነገሩ ተደስቶ ነበር። ሀዘንተኛ በሀዘኑ ላይ ወረፋ ከመሰለፍ ዳነ።

ሄራን ጉልበቷን ያማታል። አምስተኛ ፎቅ ለመውጣት ሦስተኛው ላይ ትቀመጥና ደረጃው ላይ በተገጠመው ስክሪን ከመሰላቸት የኪዳኑን ጉባኤ ታያለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር ነበር፤ እንግባ ብለው ያመለከቱት ደሴቶች አሥራ ሁለተኛ አባል ሆነው ይግቡ ወይስ አይግቡ? የአንዱ አገር ተወካይ «በሩ ክፍት ነው» ይላል። የሌላው ተነሥቶ «ክፍት በር ዘብ ይፈልጋል፤ ዘቡ ማን ነው?» ይላል። ሦስተኛው ያለፈው ዓመት ድርሻውን ማን እንዳላሟላ ያስታውሳል፤ ያላሟላው ደግሞ ድልድዮቹም እንዲቆጠሩለት ይጠይቃል። ሁሉም ደሴቶቹ እንዲገቡ ይፈልጋሉ፤ በደሴቶቹ ዳርቻ መቆም የሚፈልግ ግን አንድም የለም። በስክሪኑ ግርጌ የኪዳኑ መፈክር ይሄዳል፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»።

«እድር ቢሆን በአንድ እሑድ ያልቅ ነበር» ትልና ሄራን ደረጃዋን ትቀጥላለች።

በየካቲት መጨረሻ ክርክሩ አለቀ። ደሴቶቹ ገቡ፤ ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበ። ውሳኔው ሥር አንዲት አንቀጽ ነበረች፦ በዝግጁነት ሠንጠረዥ ቀዳሚ የሆነው ክፍል የአዲሱን አባል ጠረፍ ለሁለት ዓመት ይጠብቃል። ሠንጠረዡ ሲገለጥ ሁለተኛ የወጣው አንድ የታንክ ብርጌድ ነበር፤ ዘጠና አንድ ከመቶ። አንደኛ የወጣው የየካ አባዶ መረዳጃ እድር ነው።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታዛቢ ባለበት አንድ ጥሪ። በአርባ ደቂቃ ከተሰበሰቡ ይፈረማል፣ ከተፈረመ ይጫናሉ።

ታዛቢዋ ማክሰኞ ጠዋት መጣች። ሻለቃ ኢክራም ትባላለች፤ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ድሬዳዋ ስላደገች ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ትላለች። ሄራን አልከፋትም። የድሬ ሰው «አንቺ» ሲል ቀርቦ ነው እንጂ ንቆ አይደለም። ኮሙናሉ ውስጥ፣ ከምስክር ወረቀቱ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ የአብሥራ ከጥግ ሆኖ እጁን ያፍተለትላል።

«እትዬ ሄራን፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ትነፊዋለሽ» አለች ሻለቃዋ። «አርባ ደቂቃ እቆጥራለሁ፣ እፈርማለሁ። ሌላ ነገር የለውም።»

«ማን ሞተና?»

«ማንም አልሞተም፤ ልምምድ ነው።»

«ጡሩምባ ልምምድ የለውም፣ ልጄ።»

ሻለቃዋ ፈገግ አለች፤ ሄራን ግን ፈገግ አላለችም። «ስሚ። ይሄ ጡሩምባ ሲነፋ አምስተኛ ፎቅ ያለ ሰው 'እውነት ይሆን?' ብሎ አይጠይቅም። ጫማውን አጥልቆ ይወርዳል። አንድ ቀን ከዋሸሁት በሚቀጥለው ቀን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያጣራል። እሱ ሲያጣራ፣ ጎረቤቱም ሲያጣራ፣ ሬሳው ተሸካሚ አጥቶ ይውላል። አባቴ 'ጡሩምባ አንዴ ከዋሸ ቆርቆሮ ነው' ይለኝ ነበር። አልነፋም።»

«እንቢ ካልሽ ግድ የለም» አለች ሻለቃዋ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ድምፁ ተቀድቷል። አድማጯ ሰባት ዓመት ስትቀዳ ኖራለች። ነገ በድምፅ ማጉያ እንለቀዋለን። እነሱ ልዩነቱን አያውቁትም።»

ሄራን ደሟ ፈላ። አርባ አንድ ዓመት የተነፈሰችው ትንፋሽ ከእሷ ውጭ ተቀምጦ ለሌላ ሰው ሊታዘዝ መሆኑን ስትሰማ እንደ ሰረቋት ሆነባት። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለች።

«አልናቅኩሽም» አለች ኢክራም። «እናቴ የመጣችበት አገር ኪዳኑን ስድስት ዓመት ደጅ ጠንቷል፤ 'በሩ ክፍት ነው' እየተባለ። በሰባተኛው ዓመት በሩን የሚያንኳኳ አገር አልቀረም። እናቴ እኔን አዝላ ነው ድሬ የገባችው። ደሴቶቹም ሰው ካልቆመላቸው እንደዚያው ናቸው። እናንተ ከጥሪ የማትቀሩ ሰዎች ናችሁ። ከእናንተ የተሻለ ማንን ልላክላቸው?»

ሄራን ይሄን አልጠበቀችውም። ልጅቷ አሳዘነቻት። ግን ደግሞ አንድ ነገር አልዋጥ አላት።

«እናትሽን ነፍስ ይማር ልበል ወይስ…»

«አለች። ድሬ ናት።»

«እድሜ ይስጣት። እዚህ እድር አዲስ ሰው ሲገባ ነባሩ ይቆምለታል፤ እውነት ነው። ግን ሁሉም ነው የሚቆመው። ሊቀ መንበሩም ይቆማል፣ እኔም እቆማለሁ። 'ይግባ' ብሎ እጁን ያወጣ ሰው ቃሬዛውን ለጎረቤቱ አሸክሞ ቤቱ አይገባም። እናንተ ጋ ያጨበጨበው ሌላ፣ የሚሄደው ሌላ። የሃምሳ ሰው ጌጥ ትላላችሁ፤ ሎሚውን ሁሉ እኛ ኮሮጆ ውስጥ ከታችሁት! ይሄ ሸክም መካፈል ነው እንዴ?»

ኢክራም የምትመዘግብበትን ጡባዊ ኮምፒዩተር አንስታ «ነገ ሦስት ሰዓት» ብላ ወጣች።

ጋሽ የአብሥራ ከጥግ ተነሣ። «ሄራንዬ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ምነው እጄን በቆረጠው።»

«እጅህ ምን አደረገ? ኩራትህ ነው» አለች። ወዲያው ግን ቆጫት፤ ሽማግሌው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ይልቅ ንገረኝ። የጦር ክፍል ለመባል ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

«መቶ። ከመቶ በታች ክፍል አይባልም። ቅጹ ላይ አለ።»

«ጎሽ» አለች ሄራን።

ረቡዕ ጠዋት ከቀሯት ሁለት የደም ግፊት ኪኒኖች አንዱን ዋጠች። ጥቁር ነጠላዋን ለበሰች። ከአምስተኛ ፎቅ ስትወርድ ፈርታ ነበር። የፈራችው ኪዳኑን አይደለም። አባቷን ነበር፣ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ሰው። በብሎክ 41 እና በብሎክ 42 መካከል ባለው ሜዳ ላይ ሻለቃዋ ቆማለች፤ አጠገቧ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና አለ። ሄራን ማጉያውን አየችው። እሷ ዝም ካለች ያ ነገር ይዋሻል። መዋሸቱ ካልቀረ ደግሞ ውሸቱን የምትመርጠው እሷ ትሁን።

ልክ በሦስት ሰዓት ነፋችው። ሦስት ጊዜ፣ ረዘም አድርጋ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«የየካ አባዶ መረዳጃ እድር አባላት! ያልሰማችሁ ስሙ፣ የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ! የብሎክ 41 ነዋሪ፣ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ፣ ወይዘሮ ሄራን ታምራት አርፈዋል! የቀብሩ ሰዓት ወደፊት ይነገራል!»

አድማጯ ጢቅ አለች። የሄራን ስም ተፋቀ።

ቀድማ የወረደችው የሄራን ጎረቤት ማራናታ ነበረች፤ የጋሽ የአብሥራ ሚስት ናት። ደረጃውን እየጮኸች ወረደች፦ «ወይኔ ሄራን! ወይኔ እህቴ!» ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዱ «ማን ነገረሽ?» ሲላት «እራሷ ናት የነገረችን!» አለችና መሮጧን ቀጠለች። ሜዳው ላይ ደርሳ ሄራንን ቆማ ስታያት እንኳ ለቅሶዋን ወዲያው ማቆም አልቻለችም። ከአንጀት የተጀመረ ለቅሶ ቁም ሲሉት አይቆምም።

ሌሎቹም ወረዱ። አግዳሚ ይዘው፣ ድንኳን ይዘው፣ ድስት ይዘው። አንድም ሰው በመስኮት አላጣራም። ከአልጋ ከማይነሡት ሦስቱ በቀር ሁሉም በሠላሳ አንድ ደቂቃ ውስጥ ሜዳው ላይ ነበሩ። ሻለቃዋ ሰዓቷን አየች፤ በሠንጠረዡ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ተመዝግቦ አያውቅም።

ሄራን አግዳሚ ላይ ወጣች። ሰው ደግፎ ነው ያወጣት።

«ይቅር በሉኝ» አለች። «ጡሩምባው ዛሬ ዋሸ። ልጅቷ ቆጥራ ልትወስደን ነው፤ የደሴቶቹ ጠረፍ ላይ፣ ሁለት ዓመት። ያጨበጨቡት ቤታቸው ይቀራሉ፣ እኛ እንጫናለን። የቆጠሩን እኛን አልጠየቁንም። እኔ በሰው ድርሻ ገብቼ ከምቆጠር ሞቼ ብፋቅ ይሻለኛል። ከዛሬ ጀምሮ በር አይከፈትልኝም፣ መድኃኒት የለኝም። ማንንም ተከተሉኝ አልልም።»

አንድ ሰው «አሁን ይሄ ሟርት አይደለም?» ሲል ተሰማ፤ እውነቱን ነው፣ በቁም ያለን ሰው ሞተ ብሎ ስሙን መጥራት ሟርት ነው። ሄራንም ታውቀዋለች።

ጋሽ የአብሥራ ሰውን እየገፋ መጣ። ለቀብር የሚለብሰውን ኮቱን ለብሶ ነበር። «እኔን ጥሪኝ።»

«የስኳር መድኃኒትህስ?»

«የማራናታና የእኔ አንድ ዓይነት ነው፤ እንካፈላለን። እሷ አትሙት፣ በር የሚከፍት ሰው ያስፈልገናል።» ከዚያ ወደ ሻለቃዋ ዞሮ፣ ተማሪ እንደሚያርም መምህር ጣቱን አነሣ። «ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የምሰርዘውም እኔ ነኝ።»

ሄራን ጡሩምባውን አነሣች። «አቶ የአብሥራ ግርማ አርፈዋል!»

ከዚያ በኋላ ወረፋ ሆነ። አንዳንዱ እየሳቀ መጣ፣ አንዳንዱ እያማተበ፣ አንዳንዱ «ኢንና ሊላሂ» ብሎ። ባል ሲጠራ ሚስት አጠገቡ ቆማ አለቀሰች፤ እሱ ደግሞ «አለሁ እኮ» እያለ አባበላት። ሄራን ሁሉንም አልጠራችም። ሕፃን ያላቸውን መለሰች። ነፍሰ ጡሯን «አንቺ ዞር በይ፣ ገና ክትባት አለብሽ» ብላ አባረረቻት። ጎረምሶቹ «የማይሞቱትስ ምን ይሥሩ?» ሲሉ ጋሽ የአብሥራ ወዲያው ብዕሩን አወጣና ተራ አወጣላቸው፤ ማን ጠዋት በር ይከፍታል፣ ማን ማታ፣ የማን ኪኒን ከማን ጋር ይመሳሰላል። የደም ግፊት የሌለበት ብሎክ ስለሌለ ለሄራን ኪኒን ለማካፈል ሦስት ሰው ተሽቀዳደመ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ድምፅዋ ተዘጋ። አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ሰው ሞቷል። ንፍሮው በስሎ ስለነበር ሟቾቹም ቋሚዎቹም ተቀምጠው በሉ።

ሻለቃ ኢክራም ጡባዊዋን ይዛ መጣች። ሃምሳ አንድ ይላል። የየካ አባዶ እድር ከሠንጠረዡ ወጥቷል።

«በሐሰት ምስክርነት ልከስሽ እችላለሁ» አለች።

«ማንን?» አለች ሄራን በሻከረ ድምፅ።

ሻለቃዋ ጡባዊዋን አየች። ወይዘሮ ሄራን ታምራት የሚባል ሰው የለም። ሳታስበው ከንፈሯ ሊስቅ ሲል ያዘችው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ክፉ ሴት ነበርሽ።»

«ነበርኩ።» ሄራን አድማጯን በጥፍሯ ፈልፍላ አወጣችና በሻለቃዋ መዳፍ ላይ አኖረቻት። «ይቺን ውሰጂ። ደሴቶቹን ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ ሰው የሞተባቸው ቀን ይላኩብን። እንሄዳለን፣ በእግራችንም ቢሆን። ጠረፉ ላይ ግን መጀመሪያ 'በሩ ክፍት ነው' ያለው ሰውዬ ይቁም።»

ኢክራም አድማጯን ኪሷ ከተተች። ልትሄድ ስትል ማራናታ በሳህን ንፍሮ ያዘችላት፤ ከለቅሶ ቤት ሳይቀምሱ አይወጣም። ቆማ በላች፣ ሳህኑን መለሰች፣ ሄደች።

የግቢው በር ሟቾችን ስለማያውቅ ለጥቂት ሳምንት በር ከፋቾቹ በተራቸው ቆሙ። አንድ እሑድ ሰዉ ሰለቸውና የእድሩ ሰዎች በሩን ከነማጠፊያው ነቀሉት፤ እንደ ቃሬዛ ለስድስት ተሸክመው ኮሙናሉ ጀርባ አጋደሙት። በጉባኤው ደሴቶቹን ማን ይጠብቅ የሚለው ክርክር እንደገና ተከፍቷል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ የምታየው ሄራን አንድ ነገር ብቻ አስተዋለች፤ «በሩ ክፍት ነው» የሚለው ሰውዬ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው።

እንቅልፍ የነሣት ግን ሌላ ነገር ነበር። ጡሩምባዋን ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካችውም። አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ጊዜ የዋሸ ጡሩምባ ነው። አባቷ ትክክል ከሆነ ቆርቆሮ ሆኗል።

በግንቦት አንድ ማለዳ የብሎክ 47ቷ እማማ አርሴማ ሞቱ። በእውነት ሞቱ፤ ከሟቾቹ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበሩም፣ በር ከሚከፍቱት ነበሩ። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት፤ የስድስት ሰው ትከሻ ካልተገኘ ከአምስተኛ ፎቅ የሚያወርዳቸው የለም።

ሄራን ሜዳው ላይ ቆመች። ጨፍግጓል፤ ሰው አልጋውን የማይለቅበት ዓይነት ጠዋት ነው። ነፋችው፤ ሦስት ጊዜ፣ ረዘም አድርጋ። «ያልሰማችሁ ስሙ» አለችና የቀረውን ትታ የእማማ አርሴማን ስም ጠራች። ከዚያ ጡሩምባውን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቶቹ ቀና አለች። አንድ ራስ እስኪወጣ፣ አንድ ሰው «እውነት ነው?» እስኪል ጠበቀች።

መስኮት አልተከፈተም። የተከፈቱት በሮች ነበሩ። መጀመሪያ በብሎክ 42፣ ከዚያ በ39፣ ከዚያ በሁሉም፣ ደረጃ ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ፤ ሟቾቹ አግዳሚ ተሸክመው ይወርዱ ነበር። ጋሽ የአብሥራ ኮቱን አንድ እጁ ላይ ብቻ አጥልቆ፣ ቃሬዛውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ አለፋት።

በስንት ደቂቃ እንደተሰበሰቡ የቆጠረ ሰው አልነበረም።